ምድጃ መራጯ

አናት የሚበሳው የሸዋ ሮቢት ፀሐይ ሳይከብዳት፣ የነተበ ነጠላ የተከናነበች ሴት ገበያ ላይ ምድጃ ከሚሸጠው ከቆርቆሮ ቀጥቃጩ ከበላይ ፊት ቁጢጥ ብላ ምድጃዎቹን አንድ በአንድ ትደባብሳለች።

«ከሰል ሲጠፋ እንጨትም፣ የማሽላ አገዳም የሚነድበት የቱ ነው? ቤት የሚያሞቅ ይሁን።»

በላይ ሳቀ። «በዚህ ሐሩር፣ እትዬ?»

«ባለቤቴ ይንቀጠቀጣል።»

«ወባ ነዋ! ክሊኒክ ይውሰዷቸው።»

«ወባማ መድኃኒት አለው» አለች፣ የአንዱን ምድጃ ሆድ በስንዝሯ እየለካች። «ከእስር ከወጣ ወዲህ ብርዱ አልለቀቀውም። የተኛበት ሲሚንቶ ውሃ ያቁር ነበር አለኝ። ሌላውን አይነግረኝም።»

ሆደ ሰፊውን መርጣ በጀርባዋ አዝላ ተነሣች።

በላይ መጀመሪያ የቀበሌ ጥበቃ ሰምቶ እንደሆነ ብሎ ግራ ቀኙን ቃኘ። ከዚያ በኋላ ነው «እግዜር ይማርልዎ» ያለው፤ ሴትዮዋ ግን ከገበያው ወጥታ ነበር።