አሥራ አንደኛው ዓምድ

የመጀመሪያ ቀን ኡስታ ሰኢድ መዶሻዬንና መሮዬን ተቀበለኝና ባዶ ጆንያ ሰጠኝ። «ሂድ፣ ከውሃ ጋሪዎቹ ኋላ ፋንድያ ልቀም» አለኝ። ጎንደር ላይ ሰባት ዓመት ድንጋይ የጠረብኩ ግንበኛ ነበርኩ። የሰባ ሰባቱ ረሃብ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ ባይጥለኝ ኖሮ የአህያ ፋንድያ የምለቅም ሰው አልነበርኩም። ጆንያውን ይዤ እየተራገምኩ ወጣሁ።

በዚያ አገር ኡስታ የሚሉት የግንበኞችን አለቃ ነው። ሰኢድ የጎንደር እስላም ልጅ ነው፤ ገዳሪፍ ላይ ወልዶ ከብዷል። የአሮጌውን ገበያ አደባባይ እንዲያድስ ተሰጥቶት ነበር። አደባባዩን በሦስት በኩል የከበበው በረንዳ በጭቃ ጡብ ዓምዶች ላይ የቆመ ነው። የከተማው መሐንዲስ «እድሳቱ ሳያልቅ አንድ ዓምድ ቢወድቅ ሁሉንም በዶዘር እናነሳዋለን» ብሎታል። በረንዳው ሥር ደግሞ ከኛው አገር የተሰደዱ ቤተሰቦች ሰፍረዋል። ሌላ ጣራ አልነበራቸውም።

ሥራው እንዲህ ነው፦ ፋንድያው ከጭቃና ከጭድ ጋር ይቦካል፣ ውሃ እየጠጣ አሥር ቀን ይብላላል፣ ከዚያ በመዳፍ ይመረጋል። ሽታው ከልብስ አይለቅም። እኛ ዘንድ ምርጊት የሴት ሥራ ነው። በሰው ፊት መዳፌን ጭቃ ውስጥ መንከር ሞት መሰለኝ።

ኡስታ እንጨት ሊገዛ ወደ ከሰላ ከተማ ሄዶ ሦስት ቀን ሲቆይ አሥራ አንደኛው ዓምድ ለእኔ ተተወ። ከውሃ ቦይ ሥራ የተረፈ ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ አገኘሁ። ዓምዱን ከእግሩ እስከ ወገቡ በሲሚንቶ ለሰንኩትና እንዳይታወቅብኝ ላዩን ስስ ጭቃ ቀባሁት። ኡስታ ተመልሶ ቱንቢ ጣለበት። «ማሻአላህ፣ እጅህ ተገራ» አለኝ። መዶሻዬንና መሮዬን ሲመልስልኝ አመስግኜ ተቀበልኩ።

ያን ዓምድ ተጠግተው የሚኖሩት እትዬ ብርነሽ ነበሩ፤ ከአርማጭሆ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው የመጡ። ዝናብ በጣለ በሦስተኛው ቀን ጠሩኝ።

«ስመኘው፣ ሌሎቹ በማግስቱ ይደርቃሉ። ይሄ ከእግሩ እንደረጠበ ነው። ምን አርገኸው ነው?»

«ምንም።»

«እኔ ዕድሜ ልኬን ቤት ስመርግ የኖርሁ ሰው ነኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ልጄ።»

እሳቸው ዞር ሲሉ ዓምዱን በመዶሻዬ ጀርባ መታሁት። ባዶ ድምፅ ሰጠ። ትከሻው ላይ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ ነበር። ሕፃናቱ ከሥሩ ተኝተዋል፤ ደመናው ደግሞ ከምዕራብ ጠቁሯል። ብናገር እባረራለሁ፣ መሐንዲሱም ከሰማ አደባባዩ ይፈርሳል። ዝም ብል እነዚህ ልጆች ላይ ይወርዳል። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ሄጄ ለኡስታ ነገርኩት። ይጮኻል ብዬ ነበር፤ አልጮኸም። «ሰዎቹን አውጣ! ግንዱን አምጣ! ያላ፣ ቶሎ!» አለ።

ጣራውን የተሸከመውን አግድም እንጨት በአራት ግንድ ደገፍነው። መሮዬን ሳሳርፍ ሲሚንቶው እንደ ቅርፊት በአንድ ጊዜ ወረደ። ሲሚንቶው መውጫ የከለከለው እርጥበት የውስጡን ጡብ ገንፎ አድርጎታል። ላዩ ሲንቋቋ አፈር አንገቴ ላይ ፈሰሰ።

«እጅህን አውጣ!» ብሎ ኡስታ በኮሌታዬ ጎተተኝ። የዓምዱ ግማሽ እግሬ ሥር ተናደ። ግንዶቹ ግን ቻሉት።

መሐንዲሱ የደረሰው ያኔ ነው። ፍርስራሹን እያየ ጥፋቱ የማን እንደሆነ በዓረብኛ ጠየቀ። እኔ በአማርኛ «እኔ ነኝ፣ ኡስታ አያውቅም፣ ንገረው» አልኩ። ኡስታ ዞር ብሎም አላየኝም። ዓረብኛዬ ትንሽ ቢሆንም ያለው ገባኝ፦ «ጥፋቱ የኔ ነው። ሥራዬን ጥዬ የሄድኩት እኔ ነኝ።» መሐንዲሱ ግንዶቹን አንድ በአንድ ነቀነቃቸው። «እስከ ሐሙስ ካልተጠገነ ዶዘሩ ይመጣል» ብሎ ሄደ።

ኡስታ ለእኔ ብሎ ስሙን አጎደፈ። አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። እሱ ግን ጆንያውን ወረወረልኝ። «ማሌሽ፣ ግድ የለም፤ ያለፈው አለቀ፣ ኸላስ። ፋንድያ ያንሰናል።»

የተናደውን በደረቅ ጡብ ረድፍ በረድፍ ተካን። ቀድሞ የተብላላ ጭቃ ስለነበረ ምርጊቱን እትዬ ብርነሽ ጀመሩት፤ እኔም መዳፌን ነክሬ ከጎናቸው ቆምኩ። «ጫን በል፣ አታሻሸው» እያሉ አረሙኝ። ሐሙስ መሐንዲሱ መጥቶ ግንዶቹን አስነሳ። ዓምዱ ቆመ። ማታውን ሕፃናቱ ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ግንበኛ አሠልጥኛለሁ። አዲስ ሲመጣ መሮውን እቀበልና ጆንያ እሰጠዋለሁ። የጭቃ ግድግዳ የሚታደሰው በጭቃ ነው። ያጠፋ ሰው ደግሞ ግድግዳው ሳይናገርበት ራሱ ይናገር።