ዓይኗ ታሟል

አያ ቢሆነኝ ድሮም ተቀምጦ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ሽንፋ ወንዝ አጠገብ ያለው ማሽላው ማፍራት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ባሰበት። እንጀራ ሲቀርብለት ሁለት ጎርሶ ይነሳል። ደጅ ወጥቶ ይመለሳል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለችውን ጠብመንጃ አውርዶ ያያታል፣ ይሰቅላታል፣ መልሶ ያወርዳታል። ሚስቱ ሀብትነሽ "አንተ ሰው፣ ይቺ ጠብመንጃ ጡት ትጠባለች እንዴ? ትንሽ አስቀምጣት እንጂ!" ትለዋለች።

እረፍት የነሳው ከርከሮ ነው። ጎህ ሲቀድ መንጋው ከወንዙ ቁጥቋጦ ይወጣና ማሽላውን ይገነድሰዋል። የሚበላው ጥቂቱን ነው፤ የሚረግጠው ይብሳል።

ጠብመንጃዋ ዛሬ ሰው የሚይዛት ዓይነት አይደለችም። የምትጎርሰው በአፈሙዟ ነው። ባሩድ ከቀንድ ይንቆረቆርላታል፣ ክብ እርሳስ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይከተላል፣ ሁለቱም በዘንግ ይጠቀጠቃሉ፣ ቃታው ሲሳብ ቡላድ ድንጋዩ እሳት ይተፋና ጓ! ትላለች። አንዴ ከሳቱ በኋላ ሁለተኛ እስኪያጎርሱ ከርከሮው ሱዳን ገብቷል። ስለዚህ መሳት የለም። ቢሆነኝም ስቶ አያውቅም ነበር።

አባቱ ከደጋ ወርዶ ያን በረሃ ያቀና ሰው ነበር። ሊሞት ሲል ጠብመንጃዋን አስመጥቶ "ሌላው መሣሪያ የሰው ነው፤ ይቺ የአውሬ ናት" አለው። "ሰው የነካች ቀን ሰብረህ ወንዝ ጣላት።" ቢሆነኝ እጁን አፈሙዟ ላይ ጭኖ ማለ። ያኔ ጎረምሳ ነበር። አሁን ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ጠብመንጃዋም ሰው ሳትነካ ኖራለች።

ዘንድሮ ግን በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ሳተ። ሦስቱም ጊዜ እርሳሱ ከከርከሮው ጀርባ በላይ አለፈ። ቢሆነኝ እንደ እብድ ሆነ። ጠብመንጃዋን በጋቢ ጠቅልሎ ገንዳ ውሃ ከተማ ወረደና አብሮ አደጉ ብረት ሠሪው አንዱአምላክ ዘንድ ሄደ።

"ዓይኗ ታሟል" አለው ገና ሳይቀመጥ። ከኋላ በኩል ያለችውን የማነጣጠሪያ ስንጥቅ "ዓይን" ነው የሚላት። ተኳሹ በዚያች ስንጥቅ አሳልፎ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለውን ጉጥ ያያል፤ ጉጡን ከስንጥቋ ጋር እኩል አድርጎ አውሬው ላይ ያሳርፈዋል። ነገሩ ይኸው ነው።

አንዱአምላክ ጠብመንጃዋን አገላብጦ አያትና "ዓይኗ ደህና ነው" አለ። "ወንድሜ፣ ስንጥቋ ጥርት ብላ ትታይሃለች?"

"እንዴት አትታየኝም!" ውሸቱን ነው። ካቻምና ጀምሮ ጭጋግ ውስጥ እንዳለች ነው የምትታየው።

"በኛ ዕድሜ ቅርቡ ነው ቀድሞ የሚደበዝዘው። ስንጥቋ ስትደበዝዝብህ ጉጡን ከላይዋ ታንሳፍፈዋለህ፤ እርሳሱም ሽቅብ ይሄድብሃል። ስንጥቋን ላንሳና በምትኳ ቀለበት ላድርግልህ። በቀለበት ሲያዩ ዓይን መሃሉን ራሱ ያገኘዋል። ጉጡም ላይ ነሐስ ጠብ ላድርግበት፤ በጎህ ብርሃን ብልጭ ይልልሃል።"

"ቀለበት ለሙሽራ ነው!" ብሎ ቢሆነኝ ጠብመንጃዋን ከእጁ መነተፈ። "አባቴ በስንጥቅ ነው ሲጥል የኖረው። እኔን ታውሯል ልትል ነው?"

አንዱአምላክ እየሳቀ ከኋላው ጮኸ፦ "እሺ፣ ሞረድ ብቻ እንዳታስነካት!"

አትንካ የተባለ ነገር እጅ ያሳክካል። ቢሆነኝ መንገዱን ሙሉ ሲያብሰለስል ሄደ። እርሳሱ ሽቅብ የሚሄደው ጉጡ ረዝሞ ሽቅብ ቢነዳው ነው፤ ከዚህ የቀለለ ነገር ምን አለ? ቤቱ እንደገባ ሞረድ አወጣና ጉጡን ሞረደው። ኩይሳ ላይ ቅል አስቀምጦ ተኮሰ። እርሳሱ በቅሉ አናት አለፈ። ገና ነው ብሎ ደግሞ ሞረደው። አሁንስ ከኩይሳው ጀርባ ካለው ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ ጣለ። ነገሩ ግልብጥ ነበር፦ ጉጥ ባጠረ ቁጥር ተኳሹ ሳይታወቀው አፈሙዙን ቀና ያደርጋል። ይህን አንዱአምላክ ይነግረው ነበር፤ ቢሆነኝ ግን ተቆጥቶ ወጥቷል፣ ተመልሶ መጠየቅ ደግሞ ሞቱ ነው። ሀብትነሽ "ሞርደህ ሞርደህ ምርኩዝ ልታደርጋት ነው?" አለችው።

ኅዳር ውስጥ በአንዱ ማለዳ፣ ሰማዩ ገና ሲገረጣ፣ ማሳው ዳር ደረሰ። ከማሳው ድንበር ማዶ ሰፊ የሰሊጥ እርሻ አለ፤ አጨዳው አልቆ አርባ የሚሆኑ ሠራተኞች ገና ማደሪያቸው ካምቦ ውስጥ ናቸው። ከማሽላው ሥር ጥቁር ጉብታ አየ። ጎብጧል፣ ይነቃነቃል። ቢሆነኝ ጠብመንጃዋን አቀና። ተንበረከከ፣ ጉጡን እሆዱ ላይ አሳረፈ፣ ትንፋሹን ዋጠ፣ ቃታውን ሳበ።

"ኧረ በማርያም!" አለ ጉብታው።

ጭሱ ሲገለጥ አንድ ሰው ቆሟል። ጥቁር ላስቲክ ተከናንቦ ያደረ የጎጃም ልጅ ነው፤ እንዳለው የሚባል ሠራተኛ። እርሳሱ የቆረጠው የማሽላ ራስ አናቱ ላይ ወድቋል። በዚያው ቅጽበት ሦስት ከርከሮዎች ከኋላው ፈትለክ ብለው ወጡና ወደ ወንዙ ሸመጠጡ።

እንዳለው ዞሮ አያቸውና ሮጦ መጥቶ የቢሆነኝን ጉልበት ሳመ። "እግዜር ይስጥልኝ አባባ! ሜዳ ልወጣ ብየ ቁጢጥ እንዳልሁ ተኋላየ መጥተው ኑረዋል። ሊዘነጣጥሉኝ ነበር እኮ!"

ቢሆነኝ "ሂድ፤ ሂድ ልጄ" ብቻ አለ። ልጁ ሲርቅ አንድ ኩይሳ ሥር ተቀመጠ። ፀሐይ እስክትሞቅ እዚያው ቆየ።

ወሬው ከእሱ ቀድሞ መንደር ገባ። እንዳለው የማሽላውን ራስ በክር አንጠልጥሎ ለካምቦው ሁሉ እያሳየ "በአናቴ አሳልፎ ነው የተኮሰ! ዓይኑ የአሞራ ነው!" ይላል። መንገድ ላይ ሰው ቆሞ ለቢሆነኝ እጅ ይነሳል። እሱ ምስጋናውን በሰማ ቁጥር እርምጃውን ያፈጥናል። ሌሊት ይገላበጣል፣ ቀን ማሳውን ይዞራል፣ የሄደበትን ረስቶ ይመለሳል።

በአራተኛው ቀን የእርሻው ካቦ፣ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ራሱ መጣ። ለሠራተኞቹ ቀለብ የተዘራውን ማሽላ ጎህ ሲቀድ እንዲጠብቅለት ነው። "ሠራተኛው እዚያው ዙሪያ ነው የሚያድረው። ሌላ ሰው አላምንም፤ እርስዎ ግን ሰውና አውሬ ለይተው የሚመቱ ሰው ነዎት" አለው።

ካቦው ሲሄድ ቢሆነኝ ለሀብትነሽ ሁሉንም ነገራት። ብዙ ትናገራለች ብሎ ነበር። እሷ ግን ነጠላዋን አስተካክላ "ወይ አንተ ለልጁ ንገረው፣ ወይ እኔ ልንገረው" ብቻ አለች።

ተነስቶ ካምቦው ደረሰ። ሠራተኞቹ ምሳ ላይ ነበሩ፤ እንዳለው ተነስቶ ቦታ ለቀቀለት። ቢሆነኝ አልተቀመጠም።

"ያን ቀን ከርከሮ አላየሁም" አለ። "ያየሁት አንተን ነው፤ ከርከሮ መስለኸኝ። ያነጣጠርሁትም ሆድህ ላይ ነው።"

ጉርሻ በእጁ የያዘ ሁሉ እንደያዘ ቀረ።

"ታዲያ እንዴት ሳቱኝ?" አለ እንዳለው።

"የጠብመንጃዋን ጉጥ ሞርጄ አበላሽቼው ነበር።"

ልጁ ከምሰሶው ላይ የማሽላውን ራስ አውርዶ፣ እርሳሱ ያለፈበት ከአናቱ ምን ያህል ይርቅ እንደነበር በስንዝር ለካ፤ ስንዝር አልሞላም። "ይህን ለእናቴ ላሳያት ነበር ያስቀመጥሁት" አለ ቀስ ብሎ። "አሁን ምን ብየ ላሳያት?"

ቢሆነኝ ከካምቦው ወጥቶ ማሽላው ውስጥ ሲገባ እንባው መጣ። አባቱን ሲቀብር እንኳ እንደዚያ አላለቀሰም።

በማግስቱ አንዱአምላክ ደጃፍ ቆመና "ዓይኔ ታሟል" አለ።

አንዱአምላክ አልሳቀም። ቀለበቱን ያኔውኑ ሠርቶ ሣጥን ውስጥ አኑሮት ኖሯል። በስንጥቋ ቦታ አሰረለት፣ ጉጡን በነሐስ አስረዘመና አቀበለው። ቢሆነኝ ባዶዋን ጠብመንጃ ወደ መንገዱ ዘርግቶ አየ። ነሐሱ በቀለበቱ መሃል ቁልጭ አለ። እንዲህ ካየው ስንት ዘመኑ! ደስታ ወረረው። ከነሐሱ ወዲያ ግን የሚንቀሳቀስ ነገር ነበር።

"ያ የሚሄደው ምንድን ነው?"

"የቱ? ጀሪካን ያዘለችው ሴትዮ?"

ቢሆነኝ ጠብመንጃዋን ቶሎ አወረደ። አህያ መስላው ነበር።

"ንቀለው" አለ። "ቀለበቱንም ጉጡንም ከነጭራሹ ንቀልልኝ።"

"ያለ ማነጣጠሪያ በምን ልትመታ?"

"አልመታም። ከርከሮ የሚሮጠው ጩኸቷን ሰምቶ ነው፤ ለጩኸት ባሩድ ይበቃታል።"

አመሻሹ ላይ ካምቦው ሄደና ከወገቡ የእርሳስ ከረጢቱን ፈታ። በእንዳለው መዳፍ ላይ አስቀመጠለት። "ያሉኝ እርሳሶች እነዚህ ናቸው። አንተ ጋ ይደሩ።" ልጁ ከረጢቱን በእጁ መዘነው፤ የማሽላው ራስ ካለበት አኖረው።

ጎህ ሲቀድ ከማዶ ጠብመንጃዋ ጓ! አለች። ካምቦው ውስጥ አንዳንዱ ደንግጦ ተነሳ። እንዳለው ላስቲኩን ወደ አንገቱ ሳብ አድርጎ ገልበጥ አለና ተኛ።