እግር አጣቢዋ ሻሺቱ

ሲቀላ ገበያ ውስጥ የሃለኮ፣ ማለትም የሽፈራው፣ ቅጠል የምትሸጠውን ሻሺቱን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ አርባ ምንጭን ትናንት ነው የረገጠው፣ ወይ ሃለኮ አይበላም። ድምፅዋ ከሩቅ ይሰማል። ዋጋ አትቀንስም፤ ምርቃት ግን አትነፍግም። ቀሚሷ ሁልጊዜ መሬት ይጠርጋል። ደንበኞቿ ይህን ከጸሎት ቤት ያመጣችው ጨዋነት አድርገው ቆጥረውላት ነበር፤ እሷም ሰው በነጻ የሰጣትን ምስጋና የምትመልስ ሴት አይደለችምና ዝም አለች። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከቀሚሱ ሥር ያለው ግራ እግሯ ከቁርጭምጭሚቱ ጀምሮ አብጦ የቀኙን እጥፍ ያህል ነበር።

ያደገችው ደጋው ላይ፣ ገረሴ ነው፤ ያን ቀይ አፈር ጫማ ሳታውቅ ስትረግጠው ኖራ። እብጠቱ የጀመራት ልጇን ኢየሩስን በወለደች ሰሞን ነው። በደጋው ስለዚህ በሽታ የማይባል የለም። አንዱ እርግማን ነው ይላል፤ ሌላው ጎሜ ነው ይላል፣ የአባቶች ክልክል ሲጣስ የሚመጣ መዘዝ ማለቱ ነው። ሁሉም የሚስማሙበት ግን አንድ ነገር ነበር፦ ከዚያ ቤት ልጅ አይወሰድም፣ ወደዚያም ቤት ልጅ አይሰጥም። የሻሺቱ ታላቅ እህት በዚሁ ሰበብ ታጭታ ቀርታ፣ ባል ሳታይ አርጅታለች። ስለዚህ ሻሺቱ ባሏ ሲሞት ልጇን አዝላ፣ ማንም ወደማያውቃት ወደ ቆላው ወረደች። መጀመሪያ የገዛችውም ረጅም ቀሚስ ነበር።

በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ በሰፈሩ «ደራሽ» የሚባል የበጎ አድራጎት ክበብ ተቋቋመ። አባላቱ መምህራን፣ ጡረተኞችና ጥቂት ነጋዴዎች ነበሩ። መጀመሪያ የአቅመ ደካሞችን ጣሪያ ያለብሱ፣ ክረምት ሲመጣ የጎርፍ ቦይ ይጠርጉ ነበር። በኋላ ሊቀ መንበሯ ሲስተር ወለቴ ሌላ ሥራ አመጡ። ሲስተር ወለቴ ከጎጃም ተመድበው መጥተው እዚሁ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ምላሳቸው እንደ መርፌያቸው ቢወጋም ለማዳን ነው። እሳቸው ባሰቡት መሠረት ክበቡ በየቅዳሜው እግራቸው ያበጠ ሰዎችን በአንድ ጸሎት ቤት ግቢ እየሰበሰበ ማጠብ ጀመረ።

ሻሺቱ ወሬውን ስትሰማ እንቅልፍ አጣች። መድኃኒት አለ ማለት ነው! ግን ታማሚ ሆና ብትቀርብ ገበያው ያውቃል፤ ገበያ ያወቀውን ደግሞ ገረሴም ይሰማዋል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እሷም መላ ዘየደች። ታማሚ ሳይሆን አጣቢ ሆና ክበቡን ተቀላቀለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ያስቃል። በደጋ ያሉት መድኃኒት አዋቂዎች ሥሩንም ቅጠሉንም ለማንም አይናገሩም፤ ከተናገሩት ይረክሳል ይባላል። ሻሺቱም ሲስተር ወለቴ ሳሙናና በረኪናውን ለማስመሰል የሚያቀርቡት፣ ዋናውን ግን ሰው ሳያያቸው ጠብ የሚያደርጉት መሰላት። ስለዚህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እጇ ከሳፋው፣ ዓይኗ ከሲስተር ወለቴ ቦርሳ ላይ አይለይም። በመጨረሻ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ሲስተር፣ ዋናው መድኃኒት መቼ ነው የሚገባው?»

«የቱ ዋናው?»

«ያው... ቦርሳዎ ውስጥ ያለው።»

ሲስተር ወለቴ ቦርሳቸውን አግዳሚ ወንበሩ ላይ ገለበጡት። መነጽር፣ የቤት ቁልፍና የተገመሰ ዳቦ ዱብ ዱብ አለ።

«ልጄ፣ ውሃና ሳሙና ነው» አሉ። «ትንሽ በረኪና፤ ከዚያ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ አድርጎ መስቀል። በየቀኑ። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ እርግማንም አይደለም። ሌላ የደበቅሁት የለም።»

ሻሺቱ ተናደደች፤ ወዲያው ደግሞ ልታለቅስ ደረሰች። ያን ሁሉ ዓመት የጎዳትን ነገር በሳሙና መግፋት ይቻል ኖሯል! ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ ገበያ ሳትወጣ በፊት በሯን ዘግታ እግሯን ታጥባለች። ኢየሩስ ውሃ ትቀዳላታለች። እብጠቱ ቀስ በቀስ ጎደለ፤ ሽታውም ጠፋ፣ ትኩሳቱም ተዋት። ዓመት ሳይሞላ እግሯ በወንድ ጫማ ውስጥ ገባላት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ ሻሺቱ ደብቃም አገኘች። ተረቱን ያፈረሰች መስሏት ደስ አላት።

ተረት ግን ቸኩሎ አያውቅም።

ኢየሩስ አድጋ አስተማሪ ሆነች። በ2004 ዓ.ም. ካሌብ የሚባል የጫኖ ልጅ፣ የሥራ ባልደረባዋ፣ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ የተከበሩ፣ ልጁ ትሑት፤ ሻሺቱ ልትጨፍር ምንም አልቀራት። እንደ ወጉም የልጁ እናት አበቡ ሻሺቱን ለምሳ ቤቷ ጠራች። አበቡ በጫኖ ሙዝና ማንጎ የምታለማ፣ እጇ ሥራ የማይፈታ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት።

ሻሺቱ ምርጥ ቀሚሷን ለብሳ ሄደች። ገና ከመቀመጧ አበቡ ሞቅ ያለ ውሃ በሳፋ ይዛ መጥታ ፊቷ ተንበረከከች። የእንግዳን እግር ማጠብ ከእናቷ የወረሰችው ወግ ነው።

«ጫማዎን ያውልቁልኝ፣ እናቴ» አለች።

ሻሺቱ የፈላ ውሃ የነካት ይመስል ተፈናጥራ ተነሣች።

«አይሆንም! አይንኩኝ!»

ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ መልሳ ልትውጠው ፈለገች። ከአፍ የወጣ አፋፍ ሆነና ቀረ። አበቡ ሳፋውን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። ምሳው ቀረበ፤ ማንም እንደ ምሳ አልበላውም። ሻሺቱ ራስ ምታት አመካኝታ፣ እግሬ አውጪኝ ብላ ወደ ሲቀላ ተመለሰች። የሚገርመው፣ ያወጣትም ያው የደበቀችው እግር ነው።

ከዚያ በኋላ ከጫኖ ወገን ድምፅ ጠፋ። የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ የነበሩት ሽማግሌዎች ቀሩ። ኢየሩስ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታለቅሳለች፤ እናቷ ስትጠይቃት «ምንም» ትላለች። ሻሺቱ ግን ምክንያቱን አውቃዋለሁ አለች በልቧ። አበቡ አይታኛለች፤ ጫማዬን አይታ ገብቷታል። እህቴን የቀበረ በሽታ ልጄንም ሊቀብር ነው።

በዚህ መካከል ክበቡ ወደ ጫኖ ሊወጣ ሆነ። ከደጋ ወርደው በመስኖው ዳር የሰፈሩ ብዙ ሰዎች ይህንኑ ሕመም ይዘው መጥተዋል። ሲስተር ወለቴ ውሃ የሚደርስበት፣ ጥላ ያለው ግቢ ሲያፈላልጉ የጫኖ ሰዎች አንድ ቤት ብቻ ጠቆሟቸው፤ የአበቡን ማንጎ ሥር። ሻሺቱ መጀመሪያ ልትቀር አሰበች። ኋላ ግን፣ ብቀር ጥፋተኛ መሆኔን ማረጋገጥ ነው፣ ብሄድ ቢያንስ ፊቷን አይቼ የልቧን አውቃለሁ ብላ፣ ሳፋዋን ይዛ ከሌሎቹ ጋር መኪና ላይ ወጣች።

አበቡ ሁሉንም እጅ ነሥታ ተቀበለች። ለሻሺቱም ሰላምታ ሰጠች፤ ግን ለማያውቁት ሰው የሚሰጠውን ዓይነት።

ሳፋዎቹ ተደረደሩ፣ ሳሙናው ተቆረጠ፣ በርጩማዎቹ ተዘጋጁ። ሕዝቡም መጣ፤ ግቢው እስኪጠብ መጣ። የተቀመጠ ግን የለም። ሁሉም ለጎረቤቱ ነው የመጣው። «እኔ ለማየት ነው» ይላል አንዱ፤ «እኔ እንኳ ጤነኛ ነኝ» ትላለች ሌላዋ፣ እግሯን ከሙዙ ግንድ ኋላ እየሳበች። ሲስተር ወለቴ ለመኑ፣ አስረዱ፣ ቀለዱ፣ በመጨረሻም ተቆጡ።

«እንግዲህ ሰው ካልተቀመጠ ዕቃችንን እንሰብስብ። መኪናውን የሰጡን ለዛሬ ነው፤ ደግሞ የምናገኘው አይመስለኝም።»

ሻሺቱ ዓይኗ አንዲት ጡት የምታጠባ ወጣት ላይ አረፈ። ልጅቱ ሌላ ደረቅ ቦታ ሞልቶ እያለ ከቦዩ ጭቃ ውስጥ ገብታ ቆማለች፤ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አይታይም። ሰው ለምን ጭቃ ውስጥ እንደሚቆም ሻሺቱ ካላወቀች ማን ያውቃል? ከተቀመጥሁ የኢየሩስ ነገር አበቃ፣ አለች በልቧ። ካልተቀመጥሁ ደግሞ ይህች ልጅ ወደ ቤቷ ሄዳ ረጅም ቀሚስ ትገዛለች። የጫኖው ጋብቻ እንደሆን ሞቷል፤ በሞተ ነገር ሌላ ሰው አይሙት።

ሄዳ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«ሻሺቱ፣ አንቺ ተነሺ እንጂ፤ ለታማሚ ነው እኮ» አሉ ሲስተር ወለቴ።

«እኔም ታማሚ ነኝ።»

ጫማዋን ፈታች፤ ካልሲውን ገፈፈች። የጎደለውም ያልጎደለውም እብጠት፣ የተሸበሸበው ቆዳ፣ ሁሉም በጠራራ ፀሐይ ታየ። ሲስተር ወለቴ ሳፋ አንሥተው ወደ እሷ መጡ። ሻሺቱ ወደ ሕዝቡ ቀና አለች። ድምፅዋ ሃለኮ የምትሸጥበት ድምፅ አልነበረም።

«ከዚህ የባሰ ነበር። እርግማን አይደለም፤ ጎሜም አይደለም። በሳሙና ነው እዚህ የደረስሁት። አሁን እዩኝ።»

አበቡ ከቤቷ ደጃፍ ቆማ ትመለከት ነበር። ሰውን እየገፋች መጣች። ሻሺቱ ዓይኗን ጨፈነች፤ ስድብ ይምጣ፣ ምራቅ ይምጣ፣ የመጣው ይምጣ ብላ። የመጣው ውሃ ነበር። አበቡ ሳፋውን ከሲስተር ወለቴ እጅ ነጥቃ ተንበርክካለች።

«ይቅርታ ሲስተር፣ ይህች የኔ እንግዳ ናት» አለች። እግሯን በሁለት እጇ ይዛ ቀና ብላ አየቻት። «ለዚህ ነው? ‹አይንኩኝ› ያልሽኝ ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው፣ እትዬ አበቡ። ልጄን ታስቀሪብኛለሽ ብዬ ነው።»

አበቡ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነ።

«እኔ እኮ የእናቴን ወገን ሰምተሽ ነው ብዬ! እናቴ የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት። ደጋ ላይ ድስታችንን ይገዙናል፣ እጃችንን ግን አይነኩም። አንቺም ደጋ ነሽ። እጄን የተጸየፍሽው መሰለኝ። ልጄን ለሚንቅ ቤት አልሰጥም ብዬ፣ ሽማግሌዎቹ መጥተው ‹ነገሩ ይቅር› እንዲሉሽ ለነገ ቀጥሬያቸዋለሁ።»

«ለነገ?»

«ለነገ። ከጸሎት በኋላ።»

ሻሺቱ የአበቡን የረጠበ እጅ ይዛ ሳመችው። «አሁንማ ቀን ሊቆርጡ ነው የሚመጡት» አለች አበቡ። የሻሺቱ ደረት ላይ ከገረሴ ጀምሮ ተቀምጦ የነበረ ነገር ተነሣላት፤ ትንፋሽ እስከ ታች ሲገባ ምን እንደሚመስል ረስታው ነበር። ሲስተር ወለቴ ሳሙናውን አቀበሏቸው።

«ልቅሶውን በኋላ ታደርሱታላችሁ፤ ውሃው እየቀዘቀዘ ነው!»

ያቺ የጭቃዋ ልጅ ሕፃኗን ለጎረቤቷ አቀበለችና መጥታ በሁለተኛው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ከኋላዋ አንድ ሽማግሌ መጡ። ከዚያ ወዲያ በርጩማ ጠፋ፤ ሰዉ በሙዝ ግንድ ላይ እየተቀመጠ ተራ ጠበቀ። ሻሺቱ እግሯ ተጠቅልሎላት እንዳበቃ ተነሥታ ማጠብ ቀጠለች፤ አበቡም አብራት።

ማታ ቤቷ ስትደርስ የሆነውን ሁሉ ለኢየሩስ ነገረቻት፣ ሽማግሌዎቹ ነገ ቀን ሊቆርጡ እንደሚመጡ ጭምር። ኢየሩስ እናቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ ከዚያ ዕንባዋን እየጠረገች ሳቀች።

«እማ፣ ለካሌብ እኮ እግርሽን የነገርሁት ገና ስንተዋወቅ ነው። እሱም የአያቱን ወገን ያን ጊዜ ነግሮኛል።»

«ታዲያ ያን ያህል ስታለቅሺ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«የእናቱን ገመና ለአማት የሚያወጣ ልጅ አለ? እናንተ እስክትናገሩ ስንጠብቅ ነበር።»

ሻሺቱ ያን ሁሉ ዓመት አገር እንዳይሰማ ስትጠነቀቅ፣ መስማት የነበረበት ሰው ሰምቶ፣ ወድዶ፣ ሽማግሌ ልኮ ነበር።