ዳለቻን የሸለትኩበት ሐምሌ

ልጅ ሳለሁ፣ አሰላ፣ ጎረቤታችን ጋሽ ቱፋ ዳለቻ የምትባል ድመት ነበረቻቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ በቤቱ ውስጥ ከእሳቸው ጋር የቀረች ነፍስ እሷ ብቻ ነበረች። በሾፌርነት ያገለገሉት ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ነው ትቶላቸው የሄደው። ፊቷ ጠፍጣፋ፣ እግሯ አጭር፣ ጠጉሯ መሬት የሚጠርግ፤ አይጥ ማባረር ቀርቶ በአጠገቧ ሲያልፍ እንኳ ቀና የማትል እመቤት ነበረች።

አመሻሽ ላይ መብራት ሲጠፋ ጋሽ ቱፋ ፋኖስ አብርተው፣ የከሰሉን ፍም እየቆሰቆሱ፣ እሷን በእንጨት ሚዶ እያበጠሩ ያወሩልኝ ነበር።

«ዘሯ ከፋርስ ነው፣ ኢንተላኮ፣ ልጄ» ይሉኛል። «በረዶ ከሚወርድበት ተራራ። ነጋዴዎች ከሐርና ከቅመም ጋር ጭነው ፈረንጅ አገር አደረሷት። ጠጉሯን ፈጣሪ ለብርድ ነው የሰጣት፤ በየቀኑ ካልተበጠረ ግን ይጠላለፍና ያሳምማታል።»

እኔ ያኔ በረዶውንና ነጋዴዎቹን እንጂ ሚዶውን አልሰማሁም።

አንድ ሐምሌ እህታቸው ሞተውባቸው ኢተያ ለቅሶ ሲሄዱ ዳለቻን ለእኔ አደራ ሰጡኝ። አንድ ቀን አበጠርኳትና ጨዋታ ወሰደኝ። አባቴ እህል ነጋዴ ስለነበር ከመጋዘናችን የገብስ ጆንያዎች መሃል ስትተኛ ከረመች፤ ሳምንት ሳይሞላ እብቁ ከጠጉሯ ጋር ተጠላልፎ ቆዳዋ ላይ ደረቀ። ሚዶው አልገባ አለኝ። ቁጣቸውን ፈራሁ። እንደ በግ ጠጉር መልሶ ይበቅላል ብዬ፣ ጆንያ በምንቆርጥበት መቀስ እስከ ቆዳዋ ሸለትኳት።

ዝናቡ አላባራም ነበር። በነጠላ ጠቀለልኳት፣ ወተት አሞቅኩላት፤ መንቀጥቀጧን ግን አልተወችም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሞታ አገኘኋት።

ጋሽ ቱፋ የተመለሱት የዚያኑ ዕለት ነው።

«በሽታ ነው ጠጉሯን ያረገፈው፣ ጋሼ» አልኳቸው፣ መሬት መሬት እያየሁ።

ጎንበስ ብለው ጀርባዋን ዳሰሱ። መቀሱ ደረጃ ደረጃ ያደረገው ጠጉር ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«አዎ፣ በሽታ ይሆናል» አሉ። «አንቺ ምን ታደርጊ፣ ኢንተላኮ።»

ከዚያ ወዲያ አጫውቱኝ ስላቸው «ረሳሁት» ይሉኝ ነበር። ያኔ ገርፈውኝ ቢሆን አልቅሼ በወጣልኝ። እሳቸው ግን ሳልጠይቃቸው ይቅር አሉኝ፤ እኔ እውነቱን ልናገር ዛሬ ነገ ስል፣ ሞት ቀደመኝ።