አረንጓዴው ቀለበት

እትዬ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሁሉንም እኩል ነው የሚጠሩት። ሴቱን «እህቴ»፣ ወንዱን «ወንድሜ» ይላሉ፤ የተቀየሙትንም፣ ስሙን የማያውቁትንም። እኔን ብቻ ነበር «ልጄ» የሚሉኝ። አልወለዱኝም። ማንንም አልወለዱም። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ ወደ ቁስቋም በሚወስደው ዳገት ላይ ባለችው የሀገር ልብስ ሱቃቸው ብቻቸውን ይውሉ ነበር።

እናቴ ስታርፍ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። የዩኒቨርሲቲ መግቢያውን ወደቅኩ። በሐዘን ነው ብዬ ማሳበብ እችላለሁ፣ ግን ሒሳብ ድሮም ጠላቴ ነው። ለቅሶው ተበትኖ ቤቱ ጭር ሲል እትዬ መጡና «ነይ ልጄ፣ ሱቅ አብረን እንዋል» አሉኝ። በቃ፣ እንደዚህ ነው የተቀጠርኩት። ማመልከቻ የለ፣ ቃለ መጠይቅ የለ።

ከጎናችን ክርና ቁልፍ የሚሸጡ የወሎ ሰው አሉ፤ ቀልድ አያልቅባቸውም። አንድ ቀን እትዬ «ልጄ» ሲሉኝ ሰምተው በበሩ ብቅ አሉ። «ያልወለድኩት ልጅ አባባ ቢለኝ አፌን ዳባ ዳባ አለኝ ሲባል አልሰሙም እንዴ?»

«እሱ የእርስዎ አፍ ይሆናል» አሉ እትዬ ቀና ሳይሉ። «የኔ አፍ ለምዶታል።»

ሰውዬው እየሳቁ ወደ ክራቸው ተመለሱ። እኔ ነጠላ እያጠፍኩ ነበር፤ ጀርባዬን ሰጥቼ አጠፍኩት፣ ፊቴ እንዳይታይ።

ይሄን ያህል የሚወዱኝ ሰው ጋ እያለሁ ለምን ሌላ ሥራ ፈለግኩ? መቀመጥ ስለማልችል። ሌላ መልስ የለኝም። ሁልጊዜ ያው ነጠላ፣ ያው ጥለት፣ ያው «ትንሽ ቀንሺልኝ»። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች እንኳ በበራችን አልፈው አንድ ቦታ ይደርሳሉ፤ እኔ ቆሜ አያቸዋለሁ። ጠረጴዛ ፈለግኩ። የጠረጴዛ ስልክ ፈለግኩ። የማላውቀው ሰው ገብቶ «እርስዎን ነበር የምጠይቀው» እንዲለኝ ፈለግኩ። ይሄ ትንሽ ምኞት ነው፣ አውቃለሁ። የኔ ነበር ግን።

ስለ ሥራ መፈለጊያው የኢንተርኔት ገጽ የነገረችኝ መዘምራን ውስጥ አብራኝ የምትዘምር ጓደኛዬ ናት። ሰው ፎቶውንና የሠራበትን ቦታ ይሰቅላል፣ ቀጣሪ ደግሞ ያያል። በገበያተኛና በገበያተኛ መሀል ጊዜ እየሰረቅኩ በስልኬ ሞላሁት። ደህና ፎቶ አልነበረኝም፤ የነበረኝ ከእትዬ ጋር ሱቁ በር ላይ የተነሳነው ብቻ ነው። እሳቸውን ቆርጬ አወጣሁ። ትከሻዬ ላይ ያለው እጃቸው ግን አልወጣ አለ፤ አራት ጣት ቀረ። ይሁን ብዬ ሰቀልኩት።

ከዚያ ገጹ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ፦ ሥራ እንደምትፈልጊ ማን ይወቅ? ሁለት ምርጫ አለው። የመጀመሪያውን ቃል አላወቅኩትም፤ ቀጣሪ ማለት መሆኑን የተማርኩት ከተቃጠልኩ በኋላ ነው። ሁለተኛው «ሁሉም» ነው፣ እሱን አውቀዋለሁ። ሁሉም ቀጣሪ መሰለኝ። ነካሁት። ወዲያው ፎቶዬን አረንጓዴ ቀለበት ከበበው። እንዲያውም አማረብኝ ብዬ ነበር።

ፒያሳ አካባቢ አንድ ቢሮ እንግዳ ተቀባይ ይፈልጋል። አመለከትኩ። ቅጹ የአሁኑን አሠሪ ስልክ ይጠይቃል፤ ባዶ ከተውኩት አያሳልፍም። የእትዬን ቁጥር አስገባሁ። ከሥሩ «መደወል እንችላለን?» ይላል። «አይቻልም» የሚለውን ነካሁ። ከእሱ ሥር ደግሞ መረጃዎ በምስጢር ይያዛል ይላል። አመንኩ። ምን ላድርግ፣ ተጽፎ ሳየው አመንኩ።

ለምን አልነገርሻቸውም የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ምን ብዬ ልንገራቸው? በእኛ ሰፈር ሥራ እየፈለግኩ ነው ካልሽ ያጎረሰሽን እጅ ነከስሽ ነው የሚባለው። ደግሞ ባላገኘውስ? ሥራውም የለ፣ የእትዬም ፊት እንደ ድሮው የለ። እጄ ላይ ሲገባ ልነግራቸው ነበር። በእጄ ያልያዝኩትን ነገር ለራሴ መያዝ ነውር ነው ብዬ ዛሬም አላምንም።

ረቡዕ ረቡዕ ከሥራ በኋላ የቤት ኅብረት አለን። የዚያን ቀን እትዬ ከኔ ፊት ለፊት፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ከሆነች እህት ጎን ተቀምጠዋል። ኅብረቱን የሚመሩት ጋሼ «የጸሎት ርዕስ ያለው?» አሉ። አንዷ የባሏን ወገብ አስያዘች፣ ሌላዋ የኮንዶሚኒየም ዕጣ። ከዚያ ጸሐፊዋ ወደኔ ዞረች።

«እኔ ደግሞ ለእህታችን ነው። ቀለበት አድርጋ አይቻት በጣም ነው ደስ ያለኝ።»

ቤቱ ተንጫጫ። «ቀለበት?» አሉ ጋሼ። «ሽማግሌ ሳይላክ? እኔ እኮ ሱፌን አሳጥቤ ነው የምጠብቀው።»

አንዷ እልል ልትል እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። እትዬ ወደኔ ዞሩ፤ ፊታቸው ሁሉ ሳቅ ነው። «አንቺ ልጅ፣ ለኔ ሳትነግሪ?»

«ኧረ የዚያ ቀለበት አይደለም» አለች ጸሐፊዋ እየሳቀች። «ስልክ ላይ ነው። ፎቶዋ ዙሪያ አረንጓዴ ቀለበት አለ፣ ሥራ ፈላጊ ነኝ ማለት ነው። ጌታ ከዚያ ሱቅ አውጥቶ የተሻለ በር እንዲከፍትላት ብዬ ነው።»

ከዚያ ሱቅ አለች። የሱቁ ባለቤት ጉልበታቸው ጉልበቷን ነክቶ ተቀምጠዋል። ክፋት የለባትም። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ ክፋት ቢኖራት ቢያንስ የምጣላው ሰው ይኖረኝ ነበር።

የእትዬ ሳቅ ወዲያው አልጠፋም። መውጫው እንደጠፋው እንግዳ ፊታቸው ላይ ትንሽ ቆየ። ጋሼ «እንጸልይ» አሉ። ሁሉም ዓይኑን ጨፈነ፣ እኔ አልጨፈንኩም። ለኔ በር እንዲከፈት ሲጸለይ እኔ የማየው የእትዬን አፍ ነው። «አሜን» አሉ። ከሁሉም ጋር እኩል፣ ድምፃቸው ሳይጎድል።

ወደ ቤት ስንመለስ ዘንቦ ነበር። ዳገቱ ሲረጥብ እትዬ ክንዴን ይይዛሉ፤ ያን ቀንም ያዙ። «እትዬ...» አልኩ።

«ጥለት የሚያመጣው ሰውዬ ነገ ጠዋት ይመጣል» አሉ። «ቀዩ በዝቷል በይው።»

ከዚያ በኋላ ስለ ጉዳዩ ምንም አልተነሳም። ቢሮው ለቃለ መጠይቅ ሲጠራኝ «ጉዳይ አለብኝ» ብዬ ወጣሁ፤ ምን ጉዳይ አላሉም። ድሮ ሻይ ልጠጣ ወጥቼ ትንሽ ብቆይ «የት ጠፋሽ?» የሚሉኝ እትዬ፣ ያን ቀን «እሺ» ብቻ አሉ።

አንድ ከሰዓት ስልካቸው ጠራ። እጃቸው ጨርቅ ስለያዘ ድምፁን ወደ ውጭ ያወጡታል፤ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የሚያወሩት። የሴት ድምፅ የኔን ስም ጠርቶ «እርስዎ ጋ ነው የምትሠራው?» አለ። ሜትሩ ከእጄ ወደቀ።

«አዎ» አሉ እትዬ።

«ፀባይዋን እንዴት ያዩታል?»

እትዬ ጨርቁን አስቀመጡ። አላዩኝም። «የሱቄ ቁልፍ እሷ ጋ ነው የሚያድረው። አመመኝ ብዬ አንድ ሳምንት ብተኛ ሱቁን እንዳለ ነው የማገኘው። ልጄ ናት። ሌላ ምን ልበልሽ፣ የኔ እናት?»

ስልኩን ዘግተው ጨርቁን አነሱ። መለካታቸውን ቀጠሉ። ሜትሩን ከወለሉ አነሳሁ። «እትዬ፣ ብነግርዎት ምን ይሉኝ ነበር?»

«ሂጂ እልሽ ነበር።»

«አይሉም።»

«እላለሁ» አሉ። «ከዚያ ጓዳ ገብቼ አለቅሳለሁ። ከዚያ ደግሞ ለሥራው የሚሆን ቀሚስ እመርጥልሻለሁ። እንደዚያ ነበር የሚሆነው። አሁን ግን የሰማሁት ኅብረቱ ላይ ሻይ ሊጠጡ ከመጡ ሰዎች ጋር እኩል ነው።»

ምን እላለሁ? ቀለበቱ ላይ እንግሊዝኛው ነው ያሳሳተኝ ልበል? እንደዚያው አልኩ። «አይዞሽ» አሉኝ መልሰው እሳቸው። ያ «አይዞሽ» ሆዴ ውስጥ እስካሁን አለ።

በነጋታው ያቺው ሴት ለኔ ደወለች። ሁሉም ነገር ጥሩ ነው፣ አንድ ችግር ብቻ አለ፤ አሠሪ ብለሽ የሞላሽው እናትሽን ነው፣ የቤተሰብ ምስክርነት ደግሞ አይያዝም አለችኝ።

«እናቴ ሞታለች» አልኳት።

«ልጄ ናት ብለዋል እኮ። ጽፌዋለሁ።»

«ልጄ የሚሉኝ እንዲሁ ነው። በፍቅር።»

«ይገባኛል። እኔንም ሰፈር ውስጥ ልጄ የሚለኝ ብዙ ነው። ግን የጻፍኩትን ራሳቸው ካላስተካከሉ መሰረዝ አልችልም። ነገ ስሞቹ ወደ ላይ ይሄዳሉ።»

«እንዳትደውሉላቸው ብዬ ሞልቼ አልነበረም?»

«የቱ ላይ?»

«ቅጹ ላይ። አይቻልም ብያለሁ።»

የኪቦርድ ድምፅ ይሰማኛል። «እሱ እኛ ጋ አይታይም» አለች።

እኛ ጋ አይታይም። እኔ «አይቻልም» ስል ማን ነበር የሰማኝ ታዲያ?

ከሱቁ ውጭ ቆሜ ብዙ አሰብኩ። ብተወውስ? ብተወው እትዬን አንዴ ጎድቻለሁ፣ ሥራውም የለም፤ በሁለት በኩል ባዶ። ገባሁ። እትዬ ነጠላ እያጠፉ ነው። ነገርኳቸው፣ እየተንተባተብኩ፣ ቶሎ ቶሎ።

«ምን ልበል ነው የምትይኝ?» አሉ።

«ልጄ አይደለችም ብለው... ማለቴ፣ እነሱ የሚፈልጉት ለወረቀት ነው። በወረቀት ብቻ።»

እጃቸው ነጠላው ላይ ቆመ። ከዚያ ስልካቸውን ገፋ አደረጉልኝ። «ደውይልኝ» አሉ። ቁጥሩን የመታሁት እኔ ነኝ፣ በራሴ ጣት።

ጎረቤታችን ለተጨማሪ ጥለት ስፌት ያዘዝነውን ክር ይዘው በበሩ ሲገቡ ስልኩ ተነሳ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ስለዚያች ልጅ ነው» አሉ እትዬ። ስሜን ጠሩ። ስሜን በእሳቸው አፍ ስሰማው የሌላ ሰው ስም መሰለኝ። «ተቀጣሪዬ ናት። አይ፣ ዘመድም አይደለችም። ደመወዝ ነው የምከፍላት።»

«ይቅርታ እማማ፣ ለማረጋገጥ ያህል ነው» አለ ድምፁ፣ ሱቁን ሞልቶ። «ልጅዎ አይደለችም?»

እትዬ ነጠላውን ጫፍ ከጫፍ ገጠሙት።

«ልጅ የለኝም፣ የኔ እናት።»

ጎረቤታችን ክሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። እንደሚቀልዱ ጠበቅኩ፤ እንዲቀልዱ ፈለግኩ፣ ያንን ተረት እንኳ እንዲደግሙት። የጫማቸውን ኮቴ ሳያሰሙ ወጡ።

ሥራውን አገኘሁት። ለእትዬ ስነግራቸው «እሰይ» አሉ፤ ቀሚስም ሰጡኝ፣ ጥለቱ የማያብረቀርቅ፣ ለቢሮ የሚሆን። ያሉትን ሁሉ አደረጉ፤ ጓዳ ገብተው አልቅሰው እንደሆነ አላውቅም። የሱቅ የመጨረሻ ቀኖቼ ላይ ምሳ ሁለት ምሳ ዕቃ ሆኖ መጣ። ድሮ አንድ ነበር፤ አንድ ላይ ነበር የምንበላው። «ሁለት ለምን?» አልኳቸው። «እንደፈለግሽ ሰዓት እንድትበይ ብዬ ነው» አሉ። ወጡ ያው ነው፤ ሽሮ ነው። ለብቻዬ አልወርድ አለኝ።

አሁን ጠረጴዛ አለኝ፤ ስልክ አለኝ፤ ሰው «እርስዎ» ይለኛል። መጀመሪያ ቀን ሲሉኝ ዞር ብዬ ማንን እንደሆነ አየሁ። ቀለበቱን ከፎቶዬ ላይ አጠፋሁት፣ አንድ ጊዜ ሲነኩት ይጠፋል። አራቱ ጣቶች ትከሻዬ ላይ አሉ። እነሱን ለማጥፋት ራሴን መቁረጥ አለብኝ።

ጸሎት ሲመለስ ምስክርነት ይሰጣል፤ የኛ ቤት ሥርዓት ነው። ሥራ ከጀመርኩ በኋላ በመጀመሪያው ረቡዕ ጋሼ «በይ ተነሺ፣ ጌታ ያደረገልሽን ተናገሪ» አሉኝ። ተነሳሁ። ምን ልናገር? በር ተከፈተልኝ አልኩ። ሥራ አገኘሁ አልኩ። የተከፈተው በየት በኩል እንደሆነ አላልኩም። ጸሐፊዋ አለቀሰች፣ በደስታ። ሁሉም «አሜን» አለ። የእትዬን አሜን ከሁሉም መካከል ለይቼ አውቀዋለሁ፤ ያን ቀንም አልጎደለም።

ሲወጣ ሰው በር ላይ እየሳመኝ ያልፋል። እትዬ መጨረሻ መጡ። ውጭ ዳገቱ ረጥቧል። ክንዴን አዘጋጅቼ ቆሜያለሁ። ጉንጬን በቀኝ በግራ ሳሙኝ፣ ሽቷቸው ያው የአዲስ ጨርቅ ሽታ ነው።

«እግዚአብሔር ይርዳሽ፣ እህቴ» አሉኝ።

ከዚያ የጸሐፊዋን ክንድ ያዙና ዳገቱን ወጡ። እኔ «አሜን» ማለት ነበረብኝ፤ ሲሉሽ እንደዚያ ነው የሚመለሰው። አፌን ከፈትኩት። ዳባ ዳባ አለኝ።