እናቴ ፑጉዋ ያኘከች ቀን

እናቴ የማትለብሰው ነጭ ሹራብ አላት። ደረቱ ላይ የዝገት ቀለም ያለው ጠብታ አለበት። ባለፈው ሳምንት ቁም ሳጥኗን ሳጸዳ ልጥለው ስል ከእጄ ነጠቀችኝ።

"እሱን ተዪው!"

ሳቄ መጣ። እሷም ሳቀች።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ሲያትል፣ ኮሎምቢያ ሲቲ የሚባል ሰፈር ነው። ወሩ ነሐሴ፣ ሲያትል ዝናቧን ረስታ ሰው የምትሆንበት ጊዜ። በየአጥሩ ሥር ጥቁር እንጆሪ ያፈራል፤ ጣታችን እስኪጠቁር እየለቀምን እንበላ ነበር። ያኔ አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም። የክፍል ጓደኛዬ ታሲ ከቤተሰቧ ጋር ውቅያኖስ ዳር ድንኳን ተክለው ሊሰነብቱ መሆኑን ነግራኝ "ነይ" ስትለኝ እንቅልፍ አጣሁ። ውቅያኖስ አይቼ አላውቅማ!

እናቴ ግን ሴት ልጅ ሰው ቤት አታድርም ባይ ናት።

"ቤተሰቡን ሳላይ? አይሞከርም!"

"ኦኬ፣ እንሂድና እያቸዋ!"

እንዲህ ነው የታሲ ሴት አያት ልደት ላይ ታኮማ ከተማ የሄድነው። ቻሞሮዎች ናቸው፣ የጉዋም ደሴት ነባር ሕዝብ። እናቴ አዲሱን ነጭ ሹራቧን ለበሰች። መንገዱን ሙሉ እሷ ነዳች፤ እኔ አወራሁ።

መኪናውን ፓርክ ስናደርግ የጥብሱ ጭስ ሰፈሩን ሞልቶታል። ልጆቹ እየመጡ በትልልቆቹ እጅ ላይ ጎንበስ ይላሉ። እናቴ ይሄን ስታይ ፊቷ ፈታ አለ። "አሳዳጊ አላቸው" አለችኝ። በቃ፣ ተፈቀደልኝ ብዬ ልዘል ደረስኩ።

ከዚያ ጋራዡን አየች። ትልልቅ ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። በእጃቸው አረንጓዴ ቅጠል፣ ጉንጫቸው የተወጠረ፣ ከንፈራቸው ቀይ።

"ይቅማሉ!" አለች ቁልፏን ከቦርሳዋ እያወጣች። "ጫት ቤት ነው ያመጣሽኝ?"

"ጫት አይደለም፣ እማ!"

"ቅጠል አይደል የያዙት? ዓይን የለኝም?"

የእናቴ ታናሽ ወንድም በጫት ሥራውንም ትዳሩንም ያጣ ሰው ነው። ቤታችን ስሙ ከተነሳ እሷ ተነስታ ዕቃ ታጥባለች። ስለዚህ ውቅያኖሴ ዓይኔ እያየ ሲሄድ ታየኝ። ሮጬ የታሲ አያት ፊት ቆምኩ። ሁሉም ናና ይሏቸዋል።

"ናና፣ ለምንድን ነው ይሄን የምታኝኩት?"

ሁሉም በአንዴ መለሱ። አንዱ "ከምግብ በኋላ አፍ ያጸዳል" አለኝ። ሌላው "ለቅሶ ቤት ስናመሽ ያነቃናል" አለ። ነርስ የሆነችው የታሲ እናት የሩዝ ትሪ ተሸክማ ስታልፍ "ሱስ ነው በሏት! ጥርስ ይጨርሳል፣ የአፍ ካንሰር ያመጣል" ብላ ጮኸችባቸው። ሳቁባት። ናና በቅጠሉ ጠቅልለው የሚያኝኩትን፣ ፑጉዋ የሚሉትን ጠንካራ ፍሬ በመቁረጫ ለሁለት እየከፈሉ ሁሉም እስኪያበቃ ጠበቁ።

"እሷ ያለችው እውነት ነው" አሉኝ። "ግን ሰው ቤቴ ሲመጣ ምን ሆነህ ነው አልለውም። መጀመሪያ ፑጉዋዬን እከፍልለታለሁ። እያኘከ ልቡ ይረጋጋል፤ የሚናገረው ካለ ራሱ ይናገራል። እናቴም እንዲህ ነበረች። ያንቺ እናት ግን ለምንድን ነው የቆመችው? ምግቤንም አልነካችም።"

ለእናቴ አስተረጎምኩላት። ደነገጠች። ፍልሰታ ነበር። ሥጋ አንበላም ብዬ ለታሲ ነግሬያት ነበር፤ እነሱ ግን ዶሮን ከሥጋ አልቆጠሩትም፣ ሩዙ ውስጥ እንኳ ቤከን ነበረበት። በሰው ልደት ሁሉንም እምቢ ማለት ደግሞ እናቴን የሚያሳምም ነገር ነው። ናና ግማሹን ፍሬ በቅጠሉ ጠቅልለው በሁለት እጃቸው ዘረጉላት።

"ምን አለበት?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ፍሬ፣ ቅጠል፣ ትንሽ ኖራ።"

"ኖራ? ግድግዳ የሚቀባው? ቅቤስ?"

"እማ! የጾም ነው!"

አማተበችና ተቀበለች። ጮህኩ! እኔም እጄን ስዘረጋ ናና መታ አደረጉኝ። "ይሄ የትልቅ ሰው ነው። አንቺ ሩዝ ብዪ።"

እናቴ አኘከች። ግንባሯን ላብ አጠመቀው፣ ጆሮዋ ቀላ። መትፋት አላወቀችበትምና ሹራቧ ላይ ጠብ አለ። ጋራዡ በሳቅ ፈነዳ፤ ከሁሉ የሳቀችው እሷ ናት። ቀስ ብላም ናና አጠገብ ተቀመጠች። ጎን ለጎን አኘኩ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት፣ እኔ ሳላስተረጉምላት፣ በራሷ ስብርብር እንግሊዝኛ መናገር ጀመረች።

"ወንድም አለኝ። ቅጠል ያኝካል። አንድ ቀን መጣ፣ በር አንኳኳ። እኔ ተቆጣሁ። አልከፈትኩም።"

ይሄን ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ናና ምክር አልሰጧትም። እጇን ብቻ ያዙ። እናቴ ዓይኗን ጠርጋ ወደ ታሲ እናት ዞረች።

"ልጄን ውሃው አጠገብ ብቻዋን እንዳትተዪያት።"

መሄዴን ያወቅኩት በዚህች ቃል ነው። ታሲን አንገቷን አንቄ ዘለልኩ!

ውቅያኖሱን አየሁት፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ይጮኻል፣ ወደድኩት። እናቴ ፑጉዋ ደግማ አልነካችም። ግን አሁን ቤቷ ሰው ሲመጣ "ምን ሆነህ ነው?" አትልም፤ እፍኝ ቆሎ መዳፉ ላይ ታደርግለትና ትቀመጣለች። እኔ እስከ ዛሬ ጥያቄ ይቀድመኛል።

ባለፈው ሳምንትም ቁም ሳጥኗን ላጽዳ ያልኩት ሰበብ ፈልጌ ነው። ሥራዬን ለቅቄ እንዴት እንደምነግራት ጨንቆኝ ነበር። ሹራቡን አጥፋ ወደ ቦታው መለሰችና ቆሎውን መዳፌ ላይ አደረገች። ግማሹን ሳልጨርስ ነገርኳት።