ማንም ያልፈለጋት አስተርጓሚ

አምስተኛ ክፍል እያለሁ ሴንት ፖል ውስጥ፣ ከወንዙ ማዶ፣ የሱቆቹ ግድግዳ ሁሉ በስዕል በተሞላ ሰፈር እንኖር ነበር። ከኮምቦልቻ ተነስተን በኬንያ በኩል እዚህ ከገባን አራት ዓመታችን ነበር። አብዛኞቹ ጎረቤቶቻችን ሜክሲካውያን ስለነበሩ፣ ጠዋት ጠዋት ከዳቦ ቤቱ የሚወጣው የቀረፋ ሽታ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ይሸኘን ነበር። "ይሸኘን ነበር" ስል እኔንና ማሪሶልን ማለቴ ነው። ከእኛ አንድ ፎቅ ከፍ ብላ ትኖር ነበር። በረዶ ሲጥል ሁለታችንም በአንድ የቆሻሻ ፌስታል ላይ ተቀምጠን ቁልቁል እንንሸራተትና፣ ጓንታችን እስኪደርቅ ደረጃው ላይ ካለው ማሞቂያ አጠገብ ቁጭ ብለን እናወራ ነበር።

እማ ያኔ እንግሊዝኛ አትችልም። ክሊኒክ ስትሄድ፣ ለወላጆች ስብሰባ ስትጠራ፣ የመብራት ቢል ተሳስቶ ሲመጣ፣ አፏም ጆሮዋም እኔ ነበርኩ። ከቤት ስንወጣ ሻሿን እያስተካከለች፣ "ሰሚራ፣ የሰው ቃል አደራ ነው፤ እንዳትጨምሪ፣ እንዳትቀንሺ" ትለኛለች። እኔም ኮራ ብዬ ከፊት ከፊት እሄዳለሁ።

የዚያን ዓመት መምህራችን የሜክሲኮን ታሪክ በቲያትር እናሳይ አለችን። ስፔኖቹ በመርከብ ሲመጡ፣ ንጉሡ ሲወድቅ፣ ሦስት መቶ ዓመት የቅኝ ግዛት፣ ከዚያ ደግሞ አብዮቱ፤ ይህ ሁሉ በግማሽ ሰዓት! ወንዶቹ በሙሉ ባለ ፂሙን ፈረሰኛ አብዮተኛ ለመሆን ተጣሉ። ለስፔኑ አዛዥ የምታስተረጉመው የአገሬው ሴት ግን ለማሪሶል ደረሰቻት፤ ማሪሶልም እዚያው አለቀሰች። "አባቴ ይገድለኛል" አለችኝ። እነሱ ቤት የራሱን ንቆ ለውጭ ሰው የሚያጎበድድ ሁሉ በዚያች ሴት ስም ነበር የሚሰደበው። እጄን አወጣሁ። "እኔ እሆናለሁ፤ ስራዬ ነው" ስል መምህራችን ሳቀች።

በዚያው ቀን ለመለማመድ እነማሪሶል ቤት ወጣሁ። አባቷ ዶን ራሞን ጣራ ሰሪ ነበር፤ ሬንጅ ሬንጅ እየሸተተ ገባና ምን እንደምንሰራ ጠየቀን። ስነግረው ፊቱ ጠቆረ።

"ያቺ ሴት እኮ አገራችንን የሸጠች ናት" አለኝ፣ እንደሚመክር ሰው ዝግ ብሎ። "ሌላ ነገር አይሰጡሽም?"

የማሪሶል አያት መስኮቱ ስር ተቀምጠው የልጃቸውን የስራ ሱሪ ጉልበት ይጥፉ ነበር። ማሪሶል አቡዌላ ስለምትላቸው እኔም አቡዌላ እላቸው ነበር። ከስፔንኛ ሌላ አያውቁም። መርፌውን ሱሪው ላይ ሰክተው መናገር ጀመሩ፤ ማሪሶልም ለእኔ ትተረጉምልኝ ገባች።

"ልጅ ሆና የገዛ ቤተሰቧ ሸጣት። ቀጥሎ ደግሞ የገዟት ሰዎች ከወርቅና ከጨርቅ ጋር ለስፔኖቹ አስረከቧት። የተሸጠ ሰው ማንን ይሸጣል?"

"እማማ፣ እሷ ባትነግራቸው ኖሮ..." አለ ዶን ራሞን።

"እሷ ባትኖር አንተስ የት አለህ? አፍንጫህ የአያቴ ነው፣ ስምህ የስፔን።"

ከዚያ ስለ አያታቸው ነገሩን። አያታቸው ከስፔኖቹ በፊት የነበረውን የጥንቱን ቋንቋ ይናገሩ ስለነበር የባለ ርስቱ አለቃ ይገርፋቸው ነበር። ልጃቸው እንዳትገረፍ ብለው አላስተማሯትም። "እኔ የምጸልየው በሰይፍ በመጣ ቋንቋ ነው" አሉ አቡዌላ። "ግን እናቴ እሹሩሩ ያለችኝም በሱ ነው፤ ምን ላድርገው?" እናታቸው ጭሰኛ ነበሩ። አብዮቱ ሲነሳ ድስት በጀርባቸው፣ ጠመንጃ በትከሻቸው አድርገው መሬት እናገኛለን ብለው ከጦሩ ጋር ሄዱ። "ከዚያ በፊት የጌታው ሰዎች ነበርን። ሜክሲካዊ ነን ያልነው እናቴ ከዘመቻ ስትመለስ ነው። መሬቱማ ትንሽ ነበር፤ ስሙ ግን የራሳችን ሆነ።"

ከዚያ አንድ ነገር ተናገሩና ማሪሶል ቀልታ መተርጎሟን አቆመች። አያቷ በጣታቸው ጉልበቷን መታ መታ አደረጓት።

"'እዚህ አገር የኔ አስተርጓሚ ይህቺ ልጅ ናት፤ እንግዲህ እሷንም ከሃዲ በላት' እያሉት ነው" አለችኝ ቀስ ብላ። ዶን ራሞን እጁን ሊታጠብ ተነስቶ ሄደ።

ቲያትሩ ሊታይ ሳምንት ሲቀረው የእኛ ወጥ ቤት ቧንቧ ፈነዳና ውሃው ታች ቤት ወረደ። የህንፃው ማናጀር መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። እማን ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። "እንደ ሰው መኖር ካልቻለች ወደ መጣችበት ትመለስ፤ ንገሪያት" አለኝ።

እማ አፍ አፌን ታየኛለች።

"ቧንቧውን እሰራለሁ፤ እስከዚያ ውሃ እንዳትከፍቱ ይላል" አልኳት።

እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ፈገግ አለችና "ታንክ ዩ" አለች። ያቺ ፈገግታ አቃጠለችኝ። የሰደባትን ሰው አስመሰገንኳት። አደራ በላሁ፤ ሳምንቱን ሙሉ እህል አልወረደልኝም።

የቲያትሩ ቀን የትምህርት ቤቱ ጂም ጢም ብሎ ሞልቷል። እማ አረንጓዴ ሻሿን አስራ ከአቡዌላ አጠገብ ተቀምጣለች። ዶን ራሞን ከኋላ እጁን አጣጥፎ ቆሟል። የስፔኑን አዛዥ የሚጫወተው ታይለር የሚባል ቀይ ፀጉር ልጅ የካርቶን ሰይፉን መዝዞ፣ "ወዳጆች ሆነን መጥተናል!" አለ በእንግሊዝኛ። መምህራችን ንግግርሽን በፈለግሽው ቋንቋ አድርጊው ስላለችኝ፣ በልምምድ ጊዜ ወደ ንጉሡ ዞሬ ያንኑ በአማርኛ እል ነበር። ያን ቀን ግን አፌን ስከፍት እማን አየኋት።

"እማ፣ ሰውዬው ቧንቧ እሰራለሁ አላለም። እንደ ሰው መኖር ካልቻለች ወደ መጣችበት ትመለስ ነው ያለው። ዋሸሁሽ። አፉ በይኝ።"

የወረቀት ላባ የደፋው ንጉሥ እንደተማረው ራሱን ነቀነቀ። አዳራሹ አጨበጨበ። እማ ብቻ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች።

ፈረሰኛው ወጥቶ፣ ዶን ራሞን በፉጨት አዳራሹን አናግቶ፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ ወደ ቤት ስንሄድ እማ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

"ገብቶኝ ነበር እኮ።"

"እንዴት?"

"ለስድብ አስተርጓሚ አያሻም፤ ፊቱ ይናገር የለ?"

"ታዲያ ለምን ታንክ ዩ አልሽው?"

"እሱን መሰለሽ? አንቺን ነው እንጂ። ልጄ ለኔ ስትሳሳልኝ አየሁና።" ሻሿን አስተካከለች። "ከእንግዲህ ግን ሁሉንም ንገሪኝ። መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ።"

በማግስቱ እጄን ይዛ የማናጀሩ ቢሮ ወሰደችኝ። "እንደ ሰው መኖርን እናቴ ናት ያስተማረችኝ፤ አንተ ቧንቧውን ስራ፣ በይው" አለችኝ። አንዲት ቃል ሳልቀንስ ነገርኩት። ቧንቧው በዚያው ሳምንት ተሰራ። ዶን ራሞንም ከዚያ ወዲህ ደረጃ ላይ ሲያገኘኝ በዚያች የቲያትሩ ሴት ስም ይጠራኝ ጀመር፤ ግን ኮፍያውን እያነሳ ነበር።

አቡዌላ ካረፉ ቆዩ። ዛሬ ሆስፒታሉ ሁሉ አስተርጓሚ በስልክ ያቀርባል፤ ልጆች ያንን ሸክም አይሸከሙም፤ እሰየው ነው። እማ አሁን ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ትኖራለች። ባለፈው ወር የዓይን ሐኪም ጋ አፖይንትመንት ነበራት፤ ዓይኗ ውስጥ ጠብታ ስለሚያደርጉባት ድራይቭ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ነርሷ አስተርጓሚ ትፈልጊያለሽ ወይ ስትላት፣ "ኖ፣ አፍ አለኝ" አለች በኮምቦልቻ እንግሊዝኛዋ፤ ብቻዋንም ገባች። እኔ ውጭ ተቀመጥኩ። እጄን የማደርግበት ጠፋኝ። ከበሩ ወዲያ እሷና ሐኪሙ በሳቅ ሲፈርሱ ይሰማኛል።

ጥቁር መነጽር አድርጋ ስትወጣ ተነስቼ ክንዷን ያዝኩና፣ "ምን ብሎሽ ነው?" አልኳት።

"ተይው ባክሽ" አለችኝ፣ ገና እየሳቀች። "በአማርኛ አያስቅም።"